ከቦኖሻ ወፍጮ ቤት እስከ ሮማ

ቦኖሻን የማያውቅ ሊኖር ይችላልና በአጭሩ ላስተዋውቅ፡፡ ቦኖሻ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሐዲያ ዞን፣ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት፡፡ የቦዮ ሐይቅ ጎረቤት፣ የበርበሬ አገር፡፡ አንድ ጊዜ እዚያ ሳለሁ የእህል ወፍጮው ዘንግ ተሰበረ፡፡ እህል ተሸክመው የመጡ እናቶች ቆመው ቀሩ፡፡ ባለወፍጮው የተሰበረውን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ «ሆሳዕና ቶርኖ ቤት ወስጄ አሠርቼው ልምጣ» አለ፡፡ እኔ ግን ልቤ በአንዲት ቃል ላይ ቀረ፡፡ ለመሆኑ «ቶርኖ» ከየት የመጣ ቃል ነው?

ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጽ መሣሪያ ነው፡፡ ቃሉን የሰጠን ጣልያንኛ ነው፡፡ ጣልያኖች ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በኤርትራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ በወራሪነት ሲቆዩ የጋራዥና የፋብሪካ ቃላቸውን ትተውልን ሄደዋል፡፡ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የዚያው ወገን ናቸው፡፡ ወራሪው በጦር ተባረረ፤ ቃሉ ግን በሠራተኛው እጅ ገብቶ አገሬው ሆነ፡፡

የጣልያንኛው ቃል አባት የላቲኑ «ቶርኑስ» ነው፡፡ ሮማውያንም ቢሆኑ «ቶርኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው የተዋሱት፡፡ በግሪክ አናጢው ክብ የሚያሰምርበትም ሆነ እንጨት እያዞረ የሚቀርጽበት መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፡፡ ላቲኖች ከስሙ «ቶርናሬ» የሚል ግስ አወጡ፤ በቶርኖ መቅረጽ ማለት ነው፡፡ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ሰፍቶ ማዞር፣ ቀጥሎም መመለስ ሆነ፡፡ ጣልያናዊ ዛሬ ወደ ቤቱ «ተመለስኩ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ የአናጢ ግስ ነው፡፡

በፈረንሳይ «ቱር» ሆነ፤ ዙረት፣ ጉብኝት፡፡ እንግሊዞች ከዚያ ወስደው «ቱሪስት» የሚለውን ሠሩ፡፡ በእግር ኳስ ሜዳ የምንሰማው «ቶርናመንት» እና ቀያሾች የሚሉት «ኮንቱር» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፡፡ እንግዲህ አንድ የላቲን ቃል ወደ አገራችን በሁለት በር ገብቷል ማለት ነው፡፡ አንዱ ቶርኖ ሆኖ በጋራዥ በር፣ ሌላው ቱሪስት ሆኖ በሆቴል በር፡፡

ነገሩ ግን ከቃል ታሪክ ያልፋል፡፡ ቶርኖ ከመምጣቱ በፊት ብረት የሚሠራ ሰው አልነበረንምን? ማረሻውንና ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ጦሩን ማን ሠራው? የሠራው ሰውማ ነበረ፡፡ ምስጋናው ግን ስድብ ነበር፡፡ ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከ ማውጣት የደረሱት ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? በሐዲያና በከምባታም ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል፡፡ ርዝራዡ ዛሬም አልጠፋም፡፡

ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን እናስባቸው፡፡ አንዱ በቶርኖ ብረት ይቀርጻል፤ «ባለሙያ» እንለዋለን፡፡ ሌላው በወናፍ አግሎ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ስሙን ዝቅ አድርገን እንጠራዋለን፡፡ ብረቱ ያው ብረት ነው፡፡ ከአቴና ተነስቶ በሮማ በኩል የመጣን ቃል ሳንጠይቅ አስገባን፤ አብሮን የተወለደውን ጎረቤት ግን ከደጅ አቆምነው፡፡ ቃል የመዋስ ችግር የለብንም፤ ግሪክም ሮማም ተዋውሰዋል፡፡ ችግራችን የገዛ እጃችንን መናቃችን ነው፡፡ «የእጅ ሙያን እናሳድግ» የሚል ሁሉ ከዚህ መጀመር ያለበት ይመስለኛል፡፡

በማግስቱ ዘንጉ ተቀርጾ ቦኖሻ ደረሰ፡፡ ወፍጮው ተነሣ፣ እናቶችም እህላቸውን አስፈጭተው ሄዱ፡፡ ዘንጉን የቀረጸው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፡፡ ማረሻ ሠሪውም እንዲሁ የማይጠየቅበት ቀን ይምጣ፡፡