ያሠለጠንኩት ልጅ ቢሄድብኝስ? የእንግሊዝ መንግሥት አሠሪን ለማግባባት የሄደበት ረጅም መንገድ

ውሉ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ከዚያም ብራናው መካከሉ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጣመመ ይቆረጥና አንዱ ቁራጭ ለባለሙያው፣ ሌላው ለተለማማጁ ወገን ይሰጣል። ክርክር የተነሣ ቀን ጥርሶቹ ከገጠሙ ውሉ እውነተኛ ነው። በእንግሊዝ አገር የለማጅነት ውል ስሙን ያገኘው ከዚህ ጥርስ ነው።

በውሉ መሠረት ጌታው ሙያውን ሊያስተምር፣ ልጁን ሊያበላ፣ ሊያለብስና በቤቱ ሊያሳድር ይገደዳል። ልጁም የጌታውን ምስጢር ላያወጣ፣ ቁማር ላይጫወት፣ ዘመኑን ሳይጨርስ ሚስት ላያገባ ቃል ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጌታው ኪሳራ ናቸው፤ ልጁ ዕቃ ያበላሻል፣ መሣሪያ ያዶለዱማል፣ የባለሙያውን ጊዜ ይሻማል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን እጁ የተፍታታ ሠራተኛ ያለ ሙሉ ደመወዝ ይሠራለታልና ኪሳራው ይካካሳል። የሥርዓቱ ሚዛን የቆመው በዚህ ላይ ነበር።

በ1563 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው ሕግ ይህን ልማድ የአገር ግዴታ አደረገው። ቢያንስ 7 ዓመት ያልተለማመደ ሰው በወቅቱ በነበሩት ሙያዎች እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ሕጉን የጣሰ በወር 40 ሺሊንግ ይቀጣ ነበር። በሽመና፣ በልብስ ስፌትና በጫማ ሥራ ሦስት ተለማማጅ የያዘ ጌታ አንድ ደመወዝተኛ ባለሙያ እንዲቀጥርም ታዘዘ። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ልጅ ለመማር እንጂ በርካሽ ጉልበትነት እንዲያዝ አልተፈለገም።

ጊዜ ግን ሕጉን እየቀደመው ሄደ። ዳኞች ሕጉ የሚገዛው በ1563 የነበሩትን ሙያዎች ብቻ ነው ብለው ተረጎሙት። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ውጤቱን በምሳሌ አሳይቷል። ሠረገላ ሠሪ የሠረገላውን መንኮራኩር ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከመንኮራኩር ሠሪ መግዛት አለበት። መንኮራኩር ሠሪው ግን ሠረገላ መሥራት ይችላል፤ የእሱ ሙያ ጥንታዊ፣ የሠረገላ ሥራ ግን ከሕጉ በኋላ የመጣ ነውና። በ1814 ፓርላማው የለማጅነቱን አንቀጾች ሻራቸው። ሕጉ ይጽና ብለው የፈረሙት ከ300,000 ይበልጡ ነበር፤ ይሻር ያሉት ግን ወደ 2,000 ብቻ ነበሩ። የጥቂቶቹ ድምፅ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ለማጅነት የኖረው በልማድና በሠራተኛ ማኅበራት ብርታት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ተለማማጁ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ሙያውን ሲጨርስም ወደ ወደደው መሄድ ቻለ። ለወጣቱ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። አሠሪው ግን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ገጠመው፤ እኔ ከፍዬ ያሠለጠንኩትን ልጅ ጎረቤቴ ጥቂት ጨምሮ ቢወስድብኝስ? ሁሉም እንዲህ ካሰበ ማንም አያሠለጥንም፤ አገርም ባለሙያ ያጣል።

ለዚህ ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ከተሰጡት መልሶች ጠንካራው በ1964 የወጣው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ ነው። ለየዘርፉ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች እኩል የሚቀመጡበት፣ የትምህርት ሰዎችም ያሉበት ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ከዘርፉ ድርጅቶች መዋጮ ይሰበስባል፤ በደንብ ላሠለጠነው ድጎማ አድርጎ ይመልሳል። በኢንጂነሪንግ ዘርፍ መዋጮው ከጠቅላላ የደመወዝ ወጪ 2.5 በመቶ ነበር። ስለዚህ የሰው ሠልጣኝ የሚነጥቅ ድርጅት ቢያንስ የማሠልጠኛውን ዋጋ ይጋራል ማለት ነው። ሆኖም ትንንሽ ድርጅቶች ከፍለን የምናገኘው ጥቂት ነው፣ ወረቀቱም በዛብን እያሉ አመረሩ። የ1973 ሕግ ራሳቸው በቂ ሥልጠና የሚሰጡትን ከመዋጮው ነጻ ማውጣት ፈቀደ፣ መጠኑንም ወደ 1 በመቶ ዝቅ አደረገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ ቦርዶች ፈረሱ፤ የኮንስትራክሽኑ ግን እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በ1964 በፋብሪካዎች ውስጥ 240,000 ገደማ ተለማማጆች ነበሩ፤ በ1990 የቀሩት 54,000 ያህል ናቸው። የፋብሪካዎቹ ራሳቸው መዳከም ለዚህ ትልቅ ምክንያት ቢሆንም፣ ወጪን የሚያካፍለው ሥርዓት መፍረሱ ቁልቁለቱን አባብሶታል ብዬ አምናለሁ።

በሚያዝያ 2017 መዋጮው ተመልሶ መጣ። የዓመት የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ አሠሪ 0.5 በመቶ እንዲከፍል፣ በእንግሊዝም ገንዘቡ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ተቀምጦ ለሥልጠና እንዲያውለው ተደረገ። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ለሚቀበል ደግሞ 1,000 ፓውንድ ተመደበ። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ በ2016/17 494,900 የነበሩት አዲስ ተለማማጆች በቀጣዩ ዓመት ወደ 375,800 ወረዱ። ብዙ አሠሪዎችም ሒሳባቸውን አዲስ ወጣት ከመቀበል ይልቅ ቀድሞ የቀጠሯቸውን ሠራተኞችና ኃላፊዎች ለማሠልጠን አዋሉት። ሕጉ ገንዘቡ ለሥልጠና እንዲውል አስገድዷል፤ ለማን እንደሚውል ግን ለአሠሪው ትቶታል።

የአራት መቶ ዓመታቱ መዝገብ አንድ ነገር ያስተምራል። አሠሪ ተለማማጅ የሚይዘው የማሠልጠኑ ሸክም በእሱ ጫንቃ ላይ ብቻ እንደማይወድቅ ሲያምን ነው። በጥንቱ ዘመን ሸክሙን ያቀለለው የ7 ዓመት ቆይታ ነበር፤ በኋላ የሁሉም መዋጮ ሆነ። እኛም በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችን ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ስንልክ ባለቤቱን በአገር ፍቅር ብቻ አንማጸነው። ሸክሙን ማን ይጋራዋል የሚለውን አስቀድመን እንመልስ፤ የሚመጣው ገንዘብም ገና ሥራ ያልያዘው ወጣት ዘንድ መድረሱን እናረጋግጥ።