ከቡና ድርጅት ተቀጣሪነት ወደ ታጁራ ጠረፍ፦ አርተር ራምቦ ሥራውን ካጣ በኋላ ምን ገጠመው?

በጅቡቲ ከተማ እምብርት፣ ከሐሙዲ መስጂድ ሚናራ ሥር፣ ገበያተኛና ሚኒባስ የሚጋፋበት አደባባይ አለ። ዛሬ የሚጠራው በመሐሙድ ሐርቢ ስም ነው። ሐርቢ በ1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ አገሩ ከፈረንሳይ እንድትላቀቅ የቀሰቀሰና ከሁለት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ፖለቲከኛ ነበር።

አደባባዩ ቀድሞ የሚታወቀው ግን በአንድ ፈረንሳዊ ስም ነው፤ የራምቦ አደባባይ ይባል ነበር።

አርተር ራምቦን ዓለም የሚያስታውሰው በገጣሚነቱ ነው። ግጥም መጻፍ ያቆመው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የመጣው ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ያመጣውም ሥነ ጽሑፍ አልነበረም። የተቀጠረበት የንግድ ድርጅት ከስሮ ከሥራ ተሰናብቶ፣ ተመልሶ ከተቀጠረ በኋላም ተጣልቶ የወጣ የቡና ድርጅት ሠራተኛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

የቡና ለቀማው ተቆጣጣሪ

ራምቦ ኤደን የደረሰው በ1880 ክረምት ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ፈረንሳይ የሚልከው የአልፍሬድ ባርዴ ድርጅት ቀጠረው። ሥራው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን መቆጣጠር፣ ማስመዘን፣ ማሳሸግና መመዝገብ ነበር።

ኤደንን ከመጀመሪያው ጠላት። ለቤተሰቡ በላካቸው ደብዳቤዎች ሣር የማይበቅልበት፣ ጥሩ ውሃ የማይገኝበት፣ ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ዓለት አድርጎ ገልጾታል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ድርጅቱ ሐረር ለከፈተው ቅርንጫፍ ሲመድበው ተስፋው ለመለመ። ደመወዙ በዓመት 1,800 ሩፒ ሲሆን፣ ከተጣራ ትርፍም አንድ በመቶ ይታሰብለት ነበር።

ሐረር ያኔ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። አየሩ ተስማማው፤ ሥራው ግን ያው ነበር፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ሚዛንና መዝገብ። በእናቱ በኩል ስለ ግንበኝነት፣ ስለ አናጺነትና ስለ ብረት ሥራ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ያዝዝ ነበር። የፎቶግራፍ መሣሪያም አስመጥቶ ከተማዋን አንስቷል። የትእዛዞቹ ዝርዝር በቢሮው ውስጥ ሆኖ ሌላ ሙያ ሲፈልግ የኖረ ሰው ዝርዝር ነው።

ድርጅቱ ሲከስር

በ1884 መጀመሪያ ላይ የባርዴ ድርጅት ገንዘብ አጠረው። በሱዳን የማኅዲ ጦር ግብፅን እያዳከመ ስለነበር የሐረር ዕጣ ፈንታም አጠራጣሪ ሆኖ ነበር፤ የግብፅ ጦር በቀጣዩ ዓመት ከተማዋን ለቆ ወጥቷል። የሐረሩ ቅርንጫፍ ተዘጋ፤ ራምቦም የሦስት ወር ደመወዝ ካሳ ተሰጥቶት ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ በኤደን ያለ ሥራ ያሳለፋቸው ሳምንታት ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ጨለማ የሆኑትን ወልደዋል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። የዕድሜውን እኩሌታ ጨርሶ ምንም እንዳልያዘ፣ አውሮፓ ቢመለስም የሚያውቀውም የሚቀጥረውም እንደማይኖር ይጽፍ ነበር። ቁጠባውን ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ለመኖር አይበቃም፣ እንዳይነካ ደግሞ ያሳሳል። ሥራውን እየጠላ በሥራው የታሰረ ሰው ስሌት ለዛሬ አንባቢም እንግዳ አይሆንም።

ባርዴ በአዲስ መልክ ድርጅቱን ሲያቋቁም ከሐምሌ 1884 ጀምሮ መልሶ ቀጠረው። ቦታው ግን ያው የጠላው የኤደን መጋዘን ነበር። በጥቅምት 1885 ከአሠሪዎቹ ጋር ኃይለኛ ጠብ ተፈጠረና ጥሎ ወጣ።

የታጁራ ዓመት

ጥሎ የወጣው ግን ባዶ እጁን አልነበረም። ፒየር ላባቱ ከተባለ፣ በሸዋ ከቆየ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ውል ነበረው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ አማላይ ነው። በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጣ አርባ ዓመት የሆነው ጠመንጃ ሊዬዥ ውስጥ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ይገዛል፤ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ በአርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። ቀሪው የመንገድ ጉዳይ ነው።

የከሰረውም በዚያ መንገድ ነው። በ1885 መገባደጃ ታጁራ ሲደርስ የዛሬዋ ጅቡቲ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም፤ ፈረንሳይም አካባቢውን የምታስተዳድረው ከኦቦክ ነበር። ከ2,000 በላይ ጠመንጃ የሚሸከም ግመል ለማግኘት ከሱልጣኑ፣ ከአፋር ባላባቶችና ከግመል ነጂዎች ጋር መዋዋል ያስፈልግ ነበር። ወራት አለፉ። በሚያዝያ 1886 ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ በጠረፉ እንዳያልፍ ከለከለች፤ ራምቦና ላባቱም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ።

ንግዱ ሌላ ጥላም ነበረበት። ታጁራ የባሪያ ንግድ በር ነበረች፤ ራምቦም ለቤተሰቡ ሲጽፍ ባሪያ ነጋዴ ሆነ ብለው እንዳያስቡ አሳስቧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ንግድ ቢከስሱትም፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ማስረጃው አይበቃም ብለዋል። ጠመንጃ መሸጡን ግን እርሱም አልደበቀም።

ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የታሰበው አሳሽ ፖል ሶሌዬም በመስከረም 1886 ኤደን ውስጥ ሞተ። ራምቦ በጥቅምት ብቻውን ተነሣ፤ በአሳል ሐይቅ በኩል አድርጎ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር የደረሰው የካቲት 6 ቀን 1887 ነው። ምኒልክ ግን በዚያ አልነበሩም። በጥር ወር ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር፤ እዚያም ከግብፆች የተረፈ መሣሪያ አግኝተዋል።

ስለዚህ እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ንጉሡ የሚጣደፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ዕቃውን በቅናሽ ዋጋ ወሰዱ፣ ላባቱ ነበረባቸው ከተባለው ዕዳ ቀነሱ፣ ክፍያውንም ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) እንዲቀበል አዘዙ። በላይ በላዩ የላባቱ አበዳሪዎች ከበቡት። ራምቦ የሟቹን ማስታወሻ ደብተሮች አቃጠለ፤ የንብረት ሰነዶች እንደነበሩባቸው የሰማው ዘግይቶ ነው።

ለፈረንሳይ ቆንስል ባቀረበው ዘገባ ከ21 ወር ልፋት በኋላ ከካፒታሉ 60 በመቶውን ማጣቱን ገልጿል። ያም ሆኖ በነሐሴ 1887 ካይሮ ሲደርስ 16,000 ፍራንክ የሚሆን ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ነበር። ክብደቱ ስምንት ኪሎ እንደሚሆንና ተቅማጥ እንዳመጣበት ለቤተሰቡ ጽፏል።

የሞንፍሬድ መንገድ

ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1911፣ ሌላ ፈረንሳዊ ጅቡቲ ከተማ ወደብ ላይ ወረደ። ኦንሪ ደ ሞንፍሬድ በፈረንሳይ ለማጊ ኩባንያ የወተት ጥራት ሲቆጣጠር ቆይቶ ከሥራው የወጣ፣ በራሱ የከፈተው የወተት ንግድም የከሰረበት ሰው ነበር። እርሱም ቡናና ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተወው። ጀልባ ገዝቶ በቀይ ባሕር ዕንቁ ሲነግድ፣ ጦር መሣሪያና ሐሺሽ በኮንትሮባንድ ሲያሻግር ኖረ፤ ጅቡቲ ውስጥም ታሰረ። በ1931 ያሳተመው የቀይ ባሕር ትዝታው ዝነኛ አደረገው። ያረፈው በ1974፣ በ95 ዓመቱ ነው። ከሁለቱ ቢሮውን በመተው የተጠቀመው እርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቅሙ የሌሎችን ጉዳት አይመለከትም ከተባለ።

የመጨረሻው የዕቃ ዝርዝር

ራምቦ በ1888 ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ፤ ኤደን ካለው ነጋዴ ሴዛር ቲያን ጋርም ይሠራ ነበር። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይልካል፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስመጣል። በሸዋ ደንበኛው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ኢልግ በ1894 የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ያገኘው ሰው ነው፤ ታጁራንና ዘይላን ከንግዱ ገፍቶ ጅቡቲን ዋና በር ያደረጋትም ያ ሐዲድ ነው። ራምቦ ግን ይህን አላየም።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ እግሩ አበጠ። በሚያዝያ በቃሬዛ ላይ ሆኖ በሸክም ከሐረር ዘይላ ወረደ፤ በግንቦት ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆረጠ።

ኅዳር 9 ቀን 1891 ሆስፒታል ተኝቶ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ዳይሬክተር ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው በዝሆን ጥርስ ቆጠራ ይጀምራል፤ አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ ሦስት ጥርስ እያለ። ከዚያ መላ ሰውነቱ እንደማይታዘዘው ገልጾ ወደ መርከቡ የሚያጓጉዙት በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል። በማግሥቱ ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር።