ጨረቃን ያንኳኩ ሰዎች

በፍኖተ ሰላም ገበያ እንስራ የምትገዛ እናት ዓይኗን ብቻ አታምንም። ዕቃውን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ በሌላው የጣቷ አንጓ ሆዱን ታንኳኳና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል፣ በወጉም ተቃጥሏል። ድምፁ ከታፈነ ወይ እርጥበት ይዟል፣ ወይ ዓይን በማያገኘው ቦታ ተሰንጥቋል። ሻጯም ነገሩን ስለምታውቅ አትከፋም፤ "አንኳኪው እንጂ፣ እቴ!" ትላለች።

የሰው ልጅ የጨረቃን ሆድ ያወቀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ ሰዓት ለ12 አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ የአፖሎ 11 ጠፈርተኛው ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ረገጠ። በዚያች ቅጽበት በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሰማይ ላይ ጨረቃ አልነበረችም። ገና ግማሽ ያልደረሰች ስለነበረች ሌሊቱ ሳይጋመስ ጠልቃለች። ዓለም ያንን ቀን የሚያስታውሰው በእግሩ ዱካ ነው። እኔ ግን ከዱካው ይልቅ እሱና ባልደረባው እዚያው ትተውት ስለመጡት መሣሪያ ማውራት እወዳለሁ። ሲስሞሜትር ይባላል፤ የመሬትን ንዝረት የሚሰማ ጆሮ ነው። ያ የመጀመሪያው ጆሮ የሠራው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር።

ዋናው ማንኳኳት የመጣው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው። የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ተነሥተው እናት መንኮራኩራቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ያመጣቻቸውን ባዶ ጀልባ ሆን ተብሎ ጨረቃ ላይ እንድትወድቅ አደረጓት። ከመሣሪያው 70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደቀች። ምድር ላይ እንዲህ ያለ ምት በጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል። ጨረቃ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠች። የጥናቱ መሪ ጋሪ ላተምና ጓደኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር።

ምሥጢሩ ውሃ ነው። በምድር ዓለቶች ስንጥቅ ውስጥ ያለው እርጥበት የንዝረቱን ጉልበት ይውጠዋል። ጨረቃ ደረቅ ናት። ላይኛው ቅርፊቷም በሚቲዮር ውርጅብኝ ተሰነጣጥቋልና ንዝረቱ ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ እየተላተመ ቶሎ መውጫ ያጣል። የገበያዋ እናት ብታንኳኳት ግራ ትጋባ ነበር፦ የተሰነጠቀች፣ ግን የምትጮኽ እንስራ።

አፖሎ 12፣ 14፣ 15 እና 16 የተከሏቸው አራት ጆሮዎች እስከ መስከረም 20 ቀን 1970 ዓ.ም. አዳመጡ። ከ12,000 በላይ ንዝረት መዘገቡ። ከሁሉም የሚደንቀው ከ700 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት የሚነሣው ንዝረት ነው፤ ጨረቃ ወደ ምድር በምትቀርብበትና በምትርቅበት የ27 ቀን ገደማ ዙር ቀጠሮ ጠብቆ ይመጣል። በጎጃም የአብነት ጉባኤዎች በአበቅቴና በመጥቅዕ የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥሩ ሊቃውንት 29ና 30 እያፈራረቁ የሚያሰሉት የብርሃኗን ዙር ነው። ይህኛው ግን የርቀቷ ዙር ነው። ምድር ስትስባት ሆዷ ውስጥ ያለው ዓለት ይንቃቃል።

ይህ የማዳመጥ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። አርምስትሮንግ ከመነሣቱ 12 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመዋል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ነገሩን ተከታትለው ያጠኑት እሳቸው ናቸው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሳይቀር አገላብጠው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበዋል፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በብራና የሰፈረን ድንጋጤ ከመሣሪያ መዝገብ ጋር ማስተያየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሳስብ ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ኦብዘርቫቶሪው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ምድርና ሕዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

በጥር 1995 ዓ.ም. ደግሞ ራሳችን ተንኳኳን። ኢግል በተባለው ጥናት የኢትዮጵያ፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተነሥተው ስምጥ ሸለቆውን ተሻግረው ወደ 1,000 የሚጠጉ መሣሪያዎች ዘረጉ፤ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥም ፈንጂ አፈነዱ። የድምፁ ሞገድ ከስንት ጥልቀት ነጥሮ እንደተመለሰ ሲያሰሉ፣ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር ያለው ቅርፊት 45 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት እንዳለው አገኙ። የጨረቃ ቅርፊት በአማካይ ከ34 እስከ 43 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን የነገሩን በ2004 ዓ.ም. የስበት ኃይሏን እየተከታተሉ የዞሯት ግሬይል የተባሉ መንታ መንኮራኩሮች ናቸው። ከግዙፏ ምድራችንና ከትንሿ ጨረቃ የትኛዋ ከስፋቷ አንጻር ወፍራም ቆዳ እንዳላት አንባቢ ይፍረድ።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። በጎጃሙ ላህ ወንዝ ዳር ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ያየ ሰው ጨረቃ ላይ የሚታየውን ጥቁር ጥላ ወንድም ይዟል። ሁለቱም ባሳልት ናቸው፣ ከስንጥቅ ፈልቶ ሜዳ የሞላ ቅልጥ ዓለት። የእኛ ደጋ የተነጠፈው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የጮቄ ተራራ ከዚያ በኋላ መጣበት። የጨረቃው አብዛኛው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ጂኦሎጂስቶች የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ባሳልት ታይታኒየሙ ዝቅ ያለ፣ ወደ ላሊበላ የሚገኘውን ደግሞ ታይታኒየም የበዛበት ብለው ይለዩታል። አፖሎ 11 ያመጣው ድንጋይ ግን በታይታኒየም የምድሩን ሁሉ ያስንቃል።

ትልቁ ልዩነት ግን እንደገና ውሃ ነው። የጎጃም ባሳልት በክረምት ዝናብ በስብሶ የጃቢ ጠህናን በቆሎና የቡሬ በርበሬ የሚበቅሉበት አፈር ሆኗል። የጨረቃው ዝናብ አላየምና በቢሊዮን ዓመት ዕድሜው ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል።

ወደ ልቧ እንግባ። በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ የማይችል የንዝረት ዓይነት አለ፤ እሱ የሚቀርበት ቦታ ፈሳሽ ነው ማለት ነው። ረኔ ዌበርና ባልደረቦቿ የአፖሎን አሮጌ መዝገብ በአዲስ ስሌት መርምረው በ2003 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረጉት፣ ጨረቃ ከመሐሏ እስከ 240 ኪሎ ሜትር ጠጣር፣ እስከ 330 ደግሞ ቀልጦ የሚገኝ የብረት እምብርት አላት። ይህ ከመሐሏ እስከ ገጿ ካለው 1,737 ኪሎ ሜትር አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። የምድር እምብርት ግን ከግማሽ በላይ ይዘልቃል።

ብረቷ የት ሄደ? የታላቁ ቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን ጨረቃ ከምትሽከረከረው ምድር ተገንጥላ ወጣች ብሎ ነበር። ዊልያም ሃርትማንና ዶናልድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሌላ ሐሳብ አመጡ፦ ገና በጨቅላነቷ ምድርን ትልቅ አካል ገጭቷታል። ዛሬ ያ አካል ቲያ ይባላል፤ ማርስን ያክል እንደነበር ይገመታል። ብረቱ ወደ ምድር ሆድ ሰጠመ፣ ከላይ የተረጨው ዓለት ተሰባስቦ ጨረቃ ሆነ። የእምብርቷን ትንሽነት ይህ በሚገባ ያስረዳል። ያላስረዳው አንድ ነገር አለ። በአፖሎ በመጣው 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር ውስጥ ያሉት የኦክስጅን ዓይነቶች ድርሻ ከምድሩ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ቲያ ከሌላ ቦታ ከመጣች ድንጋዩ ለምን የሌላ አይመስልም? ክርክሩ አሁንም የጦፈ ነው።

ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የቻይናዋ ቻንግ ኧ 6 ከጨረቃ ጀርባ ወደ ሁለት ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናሙና ይዛ ተመልሳለች። ጆሮ ግን እዚያ አልተተከለም። አራቱም የአፖሎ መሣሪያዎች ወደ እኛ በዞረው ገጿ ላይ ነበሩ፤ ከጀርባዋ መሐል የመጣ ጥልቅ ንዝረት ሰምተው አያውቁም። ወይ ጀርባዋ ጸጥ ያለ ነው፣ ወይ በመሐል ያለው የቀለጠ ነገር ድምፁን እየዋጠ አያሳልፍም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት በዚያኛው ጎኗ ማንኳኳት ያስፈልጋል።