ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብር ሁለቴ እንዳይቆረጥ፦ ኤፒአይ እንዴት ይፈተሻል?

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ሆናችሁ በስልክ 500 ብር ስትከፍሉ ኔትወርክ ጠፋ እንበል። «ክፈል» የሚለውን ደግማችሁ ነካችሁ። ብሩ ሁለቴ ይቆረጣል? ይሄ የሚወሰነው አፑ በተሠራበት መንገድ ነው።

አፕ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ኤፒአይ ይባላል፤ መረጃው የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ጥያቄያችሁ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ስልኩ «አልተሳካም» ይላል፤ ሰርቨሩ ግን ክፍያውን መዝግቧል።

አፕ ለምትሠሩ፦

🔹 ስልኩ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ያውጣ። ያው ክፍያ ድጋሚ ሲሞከር ቁጥሩ አይቀየር።

🔹 ዳታቤዙ አንድን ቁጥር ሁለቴ እንዳይመዘግብ አድርጉ። ቁጥሩ ተመልሶ ከመጣ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ይመልስ።

🔹 በፖስትማን አንዱን ጥያቄ ሁለቴ ላኩ። ዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ክፍያ ካያችሁ ሥራው ገና አላለቀም።

የአገራችን ቻፓ ለገንቢዎች የሙከራ ቁልፍ ይሰጣል፤ እውነተኛ ብር ሳይንቀሳቀስ መሞከር ይቻላል። እዚያም እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ አለው፤ ሰርቨራችሁ በዚያ መለያ ጠይቆ ክፍያው መግባቱን ያረጋግጣል።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አፑን ከማሳመራችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ።