አሮጌውን መስኮት ለምን ወደድነው?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ተማሪዎች ይህን አባባል የአድኃሪነት ምልክት አድርገን ስንንቀው ኖረናል። ተማሪ የአዲስ ነገር ወዳጅ ነው ይባላላ! ማታ ማታ በየመኝታ ክፍላችን የምንሰማው ወሬ ግን ሌላ ነው። አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ እስኪነሳለት ድረስ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ሌላዋ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ሰዓት ሲቀራት ማሽኑ «እየታደስኩ ነው፣ አታጥፉኝ» ብሎ ይዘጋባታል። ከዚያ ወዲያ የሚከተለው ምሬት የታወቀ ነው፦ «ወይ የድሮው! የድሮው ይሻል ነበር እኮ!»

በውነት ይሻል ነበር? ወይስ ናፍቆት ነው እንዲህ የሚያናግረን? መልሱን ከስሜት ይልቅ ከታሪክ ብንፈልገው ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

በቅድሚያ ስለምን እንደምንነጋገር እንግባባ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ባማርኛው ስርዓተ ክወና የሚባለው፣ በማሽኑና በባለቤቱ መሀል የቆመ አስተዳዳሪ ነው። ለየፕሮግራሙ የሜሞሪ ቦታ ያድላል፣ ፋይል ያስቀምጣል፣ ማተሚያውን ያዛል። ደህና አስተዳዳሪ ሥራውን ይሠራል እንጂ ራሱ አይታይም። ክፉው ግን እሱ ራሱ ሥራ ይሆንብናል።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 95ን በኦገስት 1995 ሲያወጣ በትንሹ የጠየቀው 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበር። ከታች በግራ ጥግ የምትቀመጠው «ስታርት» የምትባለው ቁልፍ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። በኦክቶበር 2001 ደግሞ ኤክስፒ ወጣ። ትንሹ ጥያቄው 64 ሜጋባይት ነበር። ኤክስፒ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ያ አረንጓዴ ኮረብታ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ የየቤቱ ማሽን ከድሮው ዶስ በወረደ መሠረት ላይ ሲሠራ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ኤንቲ በሚባለው ጠንከር ያለ መሠረት ይሠራ ነበር። ኤክስፒ ሁለቱን ባንድ አጠቃለለና ተራው ሰውም ቶሎ ቶሎ የማይወድቅ ማሽን አገኘ።

የሚቀጥለው እስኪመጣ ከ5 ዓመት በላይ ፈጀ። «ሎንግሆርን» በሚል የውስጥ ስም የተጀመረው ሥራ እየተወሳሰበ ሄዶ በ2004 ብዙው ተጥሎ እንደገና ተጀመረ። ኤክስፒን ሥር እንዲሰድ ያደረገውም ይኸው መዘግየት ነው። ሰው ተማረው፣ ለመደው፣ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራሞቻቸውን በእሱ ልክ አሰፉ።

ቪስታ በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ትንሹ ጥያቄው 512 ሜጋባይት ነበር፤ ከኤክስፒ ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። ያን ብርጭቆ መሰል ጌጡን ለማየት ደግሞ 1 ጊጋባይት ያስፈልግ ነበር። ማተሚያው አልሠራ አለ፣ ሲነኩት «እርግጠኛ ነህ ወይ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። አሜሪካ ውስጥ «ለቪስታ ብቁ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ማሽን የገዙ ሰዎች፣ ማሽናቸው የሚችለው ጌጡ የተነጠቀውን ዝቅተኛውን ዓይነት ብቻ ሆኖ ሲያገኙት ክስ መሠረቱ። ክሱ ለከሳሾቹ አልቀናም፤ ነገር ግን በ2008 በፍርድ ቤቱ በኩል ይፋ የወጡት የኩባንያው የውስጥ ደብዳቤዎች ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው ሲማረሩ እንደነበር አሳዩ። በዚያው ዓመት ኢንፎወርልድ የተባለው መጽሔት «ኤክስፒን አድኑ» ብሎ ከ200,000 በላይ ፊርማ አሰባሰበ። እስቲ አስቡት፣ ለአሮጌ ዕቃ የሚፈርም ሕዝብ! ኩባንያው መደበኛ ሽያጩን በጁን 2008 መጨረሻ ቢያቆምም፣ ቪስታን መሸከም ለማይችሉት ትንንሽ ላፕቶፖች ኤክስፒን እስከ 2010 ድረስ መስጠቱን ቀጠለ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በኦክቶበር 2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 በጣት ለሚነካ ስክሪን ታስቦ የተሠራ ስለነበር ያችን የ17 ዓመት ቁልፍ አነሳት። አይጥና ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የተቀመጠው ሰው በገዛ ቤቱ በሩ ጠፋበት። ጩኸቱ በዛና ዓመት ቆይቶ በኦክቶበር 2013 በወጣው 8.1 ቁልፏ ተመለሰች።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የፓስካል ቋንቋ አባት የሆነው ስዊዛዊው ኒክላውስ ቪርት በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙን አስቀድሞ አይቶት ነበር። ሶፍትዌር የሚዘገይበት ፍጥነት ማሽን ከሚፈጥንበት ፍጥነት ይበልጣል የሚል ነው ሐሳቡ። ምስጢሩ ከኪስ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ፕሮግራሙን ለማጥራትና ለማሳነስ የሚጠፋው የሠራተኛ ጊዜ ከኩባንያው ኪስ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ ሲደልብ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሜሞሪ ግን ከኛ ኪስ ነው። በሬውን የሚያደልበው አንዱ፣ መኖውን የሚገዛው ሌላው ሆነና ነገሩ!

እንግዲህ እዚህ ላይ ብናቆም ለጭብጨባ ይመቻል። ሀቁ ግን ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ኤክስፒ ገና ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያድር ቤት ነበር። በየቤቱ ተራው ተጠቃሚ እንደ ሙሉ አዛዥ ሆኖ ስለሚሠራ የገባበት ቫይረስም የአዛዥነቱን ሥልጣን ይወርስ ነበር። በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ተዛማች ፕሮግራም ዓለምን ካመሰ በኋላ ነው በኦገስት 2004 በወጣው ሁለተኛው ትልቅ እድሳት መከላከያ ግድግዳው ሳይጠየቅ እንዲበራ የተደረገው። የቪስታ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» አሰልቺ ይሁን እንጂ የመጣው ከዚሁ ቁስል ነው።

ለኤክስፒ የሚደረገው ጥገና ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አቆመ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ሲዛመት የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። ማይክሮሶፍትም ከሦስት ዓመት በፊት ለተወው ለኤክስፒ መድኃኒት አወጣ። የሚገርመው ግን በብዛት የተመቱት ዊንዶውስ 7 የያዙ ማሽኖች ነበሩ። መድኃኒታቸው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፣ የጫነላቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ አደጋው ከዕድሜው ይልቅ ጠባቂ ከማጣቱ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ያ የምንናፍቀው ኤክስፒ ፊደላችንን አያውቅም ነበር። ከሳጥኑ ሲወጣ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። ያገራችን ልጆችና የንግድ ድርጅቶች የየራሳቸውን ፊደል ሠርተው ክፍተቱን ሞሉት፤ ምስጋና ይገባቸዋል። አሠራሩ ግን «ሀ»ንና «ለ»ን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ መደረብ ስለነበረና እያንዳንዱ በየራሱ መላ ስለደረበ፣ ባንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ገንፎ ይሆናል። ፊደላችን የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ያን ቦታ ተቀብሎ «ኒያላ» የተባለውን ፊደልና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳን ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ያ የተጠላው ቪስታ ነው! አዲሱን በጅምላ ብንረግም ኖሮ ስማችንን በስማችን የጻፈውን አብረን በረገምን ነበር።

እና የቱ ይሻላል? ጥያቄው ራሱ እንዲህ መቅረብ የለበትም እንላለን። ሁለት ታሪኮችን እናስተያይ። በሊኑክስ ዓለም በኤፕሪል 2011 ግኖም 3 የተባለው ገጽታ የለመዱትን ሁሉ ገልብጦ ሲመጣ እንደዚሁ ጩኸት ተነሳ። ነገር ግን የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ አሮጌውን የወደዱት ፊርማ ማሰባሰብ አላስፈለጋቸውም። የድሮውን ኮድ ወስደው «ማቴ» የሚል ስም ሰጡት፣ እየጠገኑም ያዙት፤ እስከ ዛሬም አለ። በወዲያኛው መንደር ግን በኦክቶበር 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የጠየቀው 4 ጊጋባይት ነው፤ ከ1995ቱ አንድ ሺህ እጥፍ በላይ። የደኅንነት ቺፕና የተመረጠ ፕሮሰሰርም ካልያዛችሁ አይሆንም አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነፃ ጥገና በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያቆም፣ ምንም ያልጎደላቸው ማሽኖች ባንድ ቀን «አሮጌ» ተባሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ላፕቶፓችን ከታላቅ ወንድም የወረስነው፣ ወይም እናት ከዕቁቧ ከፍላ ከሁለተኛ እጅ ሻጭ የገዛችልን ነው። አሮጌውን የያዝነው አዲሱን ጠልተን አይደለም፤ የመለወጫው ቀን ሲወሰን እኛን የጠየቀን ስለሌለ ነው። አድኃሪነት ማለት አዲሱን ሳይመረምሩ መጥላት ከሆነ፣ አዲስ ስለተባለ ብቻ ሳይመረምሩ መቀበልስ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከምሬት አልፈን ጥቂት ነገር እንሥራ። ጠባቂ ያጣ ስርዓተ ክወና ይዘን ኢንተርኔት ላይ አንውጣ። ያ አቅም ያነሰው ማሽን ቀለል ያለ ሊኑክስ ተጭኖበት ገና ዓመታት ሊያገለግለን ይችላልና የሚያውቅ ላላወቀ ያሳይ። በድሮ ፊደሎች የተጻፉትን የቀደምቶቻችንን ጽሑፎችም የሚከፍታቸው ማሽን ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንመልሳቸው። ከቆየን እነሱን ማንበብ የሚችል መስኮት አይኖርምና።