የፓስ ታሪክ፦ ተትቶ የተመለሰ መድኃኒት



«የመጠባበቂያ መድኃኒት» የሚለውን ሐረግ ስንሰማ ከመጀመሪያው ለክፉ ቀን ታስቦ የተሠራ ነገር ይመስለናል። ዛሬ የማቀርብላችሁ የፓራ አሚኖ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ በአጭሩ የፓስ፣ ታሪክ ይህን ግምት ያፈርሳል። የመድኃኒትን ማዕረግ የሚወስነው ተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን አጠቃቀማችንም ነው ብዬ እከራከራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካዊው ፍሬድሪክ በርንሃይም ሳሊሲሊክ አሲድ የቲቢ ባክቴሪያን የኦክስጅን ፍጆታ እንደሚጨምር አስታወቀ። በስዊድን ጎተንበርግ ይሠራ የነበረው ዮርገን ሌማን ከዚህ ተነሥቶ፣ ባክቴሪያው የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር የሚመስል፣ ግን በጥቂቱ የተለወጠ ቅመም ሊያሰናክለው እንደሚችል ገመተ። በ1943 ሐሳቡን ለፌሮሳን ኩባንያ በደብዳቤ አቀረበ፤ ኩባንያውም ቅመሙን ሠራ።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1948 ያሳተመው ጥናት ተስፋውንም ስጋቱንም ገለጠ። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት 55 ሕሙማን 4ቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን ደግሞ 14ቱ ሞቱ። ነገር ግን በብዙዎቹ ታካሚዎች ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም የሁለቱ ቡድኖች የሞት ቁጥር ተቀራረበ።

የፓስ ትልቁ ውለታ የታየው እዚህ ላይ ነው። በ1950 በታተመው ቀጣይ ጥናት፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ መላመዱ በእጅጉ ቀነሰ። ከአንደኛው መድኃኒት ያመለጠውን ባክቴሪያ ሌላው ይይዘዋልና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ። በ1952 ጥቅም ላይ የዋለው አይሶናያዚድም ከሁለቱ ጋር ተሰለፈ።

ይሁን እንጂ ፓስ በቀን አሥር ግራምና ከዚያ በላይ የሚወሰድ፣ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መድኃኒት ነበር። በ1960ዎቹ ኢታምቡቶል ሲመጣ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በኒው ዮርክ ሲዛመት ግን ሐኪሞች ወደ ተተወው መድኃኒት ፊታቸውን መለሱ። ለረጅም ጊዜ እምብዛም ስላልተሠራበት ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አልተላመዱትም ነበር። በ1994ም በአሜሪካ በአዲስ የቅንጣት መልክ ተፈቀደ።

ይህ ታሪክ ዛሬም ይመለከተናል። ቤዳኩዊሊን በ2012 በአሜሪካ ሲፈቀድ ሌላ አማራጭ ላጡ ሕሙማን ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ ዋና ምሰሶ ሆኗል፤ እርሱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችም ታይተዋል። ስለዚህ ከፓስ የምንወርሰው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ደካማው መድኃኒት ብርቱውን ጠብቆት ኖሯል፤ ብርቱው ብቻውን በተላከ ጊዜ ግን ተሸንፏል። አዲሱንም መድኃኒት የሚያቆየው አብረውት የሚሰጡት መድኃኒቶች መሟላትና የተጀመረው ሕክምና ሳይቋረጥ መፈጸሙ ነው።