ጡጦና የሌሊት እንቅልፍ፦ የሕፃናት ምግብ ታሪክ አንድ ገጽታ

ሕፃን በሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ እየነቃ ሲያለቅስ እናቲቱ በመጀመሪያ የምታስበው ረኃብን ነው። «ወተቴ አነሰው፤ ወይም ቀጠነበት» ትላለች። አማትም ሆነች ጎረቤት፣ የመድኃኒት ቤት ሻጭም ሳይቀር፣ በየበኩላቸው ምክር አያጡም። አንዱ ጡጦ ይጨመርለት ይላል፤ ሌላው የወተቱ ዓይነት ይለወጥ ይላል፤ ሦስተኛው ከወተቱ ላይ ጥቂት ዱቄት ጣል ይደረግበት ይላል። በመጨረሻም ጉዳዩ ወደ ጤና ባለሙያው ዘንድ ይደርስና «ሌሊት የሚያስተኛው የትኛው ወተት ነው?» የሚል ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሳይንስ ድል አለ፤ የንግድ ብልሃት አለ፤ የብዙ ሕፃናት ሞትም አለ። ስለሆነም መልሱን ከመስጠት በፊት ጥያቄው በየዘመኑ እንዴት እንደ ተመለሰ መመርመር ያሻል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የሚያስተኛው ሽሮፕ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች እናቶች ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ስለሚውሉ ሕፃናት በሞግዚት እጅ ይቀሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕፃናትን ዝም ለማሰኘት በሰፊው ይሰጥ የነበረው «የጎድፍሬይ ኮርዲያል» የተባለው ኦፒየም ያለበት ሽሮፕ ነበር። በአሜሪካም ከ1849 ጀምሮ «የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ለገበያ ቀረበ፤ በውስጡም ሞርፊንና አልኮል ነበረበት። ሕፃኑ በእርግጥ ይተኛ ነበር። ነገር ግን አንዳንዱ በመርዙ ሳቢያ ሳይነቃ ቀርቷል፤ ሌላውም በመድኃኒት ደንዝዞ ምግብ ስለማይጠይቅ ከቀን ወደ ቀን መንምኗል። የአሜሪካ መንግሥት በ1906 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በውስጣቸው ያለው ሞርፊን በልጣፋቸው ላይ እንዲጻፍ አስገደደ። የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበርም በ1911 ይህንኑ ሽሮፕ ከሕፃናት ገዳዮች መካከል ቆጠረው።

በዚያው ዘመን ሌላም የሌሊት መፍትሔ ተገኝቶ ነበር። ይኸውም ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው የመስታወት ጡጦ ነው። ጠርሙሱ ከሕፃኑ አጠገብ ተቀምጦ ቱቦው በአፉ ስለሚደረግለት ማንም ሳይነሣ ሕፃኑ ብቻውን ይጠባ ነበር። ይሁን እንጂ ቱቦውን አጥርቶ ማጠብ ስለማይቻል በውስጡ የሚቀረው ወተት የተሕዋስያን መራቢያ ሆነ። ሕዝቡም ውሎ አድሮ «ገዳዩ ጡጦ» ብሎ ሰየመው። ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ ነገር ይታያል፤ ለወላጅ ዕረፍት የተሠራ ነገር ሁሉ ለሕፃኑ ደኅንነት የተሠራ አልነበረም።

፪. ከኬሚስቱ ማዕድ ቤት

የሕፃናትን ምግብ በሳይንስ ለማዘጋጀት ጎላ ያለ ሙከራ ያደረገው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ሊቢግ በ1865 ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅል ዱቄት፣ ከላም ወተትና ከፖታሲየም ባይካርቦኔት የተቀመመ የሕፃናት ሾርባ አሳወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላም በስዊዘርላንድ ቬቬ ከተማ የሚኖረው ትውልደ ጀርመን ሄንሪ ኔስሌ ከወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የተሠራ የራሱን የወተት ዱቄት ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ ደግሞ ጌል ቦርደን በ1856 ስኳር የገባበትን ወፍራም የቆርቆሮ ወተት አሠራር በስሙ አስመዝግቦ ነበር።

እነዚህ ምግቦች የተፈለጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቱ የሞተችበት ወይም አጥቢ ያጣ ሕፃን በዚያን ዘመን በሕይወት የመቆየት ተስፋው እጅግ የመነመነ ነበር። ይሁን እንጂ የሆድ መሙላትና መመገብ አንድ አለመሆናቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በዱቄትና በስኳር ብቻ ያደጉ ሕፃናት ወፍራምና ጸጥተኞች ሆነው ሲታዩ አጥንታቸው በሪኬትስ ይጎብጥ፣ ድዳቸው በስከርቪ ይደማ ነበር። የቪታሚኖች ምንነት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ እስኪታወቅ ድረስ የወፈረ ሕፃን ሁሉ ጤነኛ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጠነ። ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ጀምሮ ውኃው ተቀንሶ በቆርቆሮ የታሸገ ወተት በአሜሪካ ቤቶች ተስፋፋ። በብዙ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ቅመማ 13 አውንስ የቆርቆሮ ወተት፣ 19 አውንስ ውኃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ሽሮፕ ነበር። በ1959 ደግሞ ብረት የታከለበት የፋብሪካ ወተት ለገበያ ዋለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከተወለዱት ሕፃናት ጡት መጥባት የጀመሩት ከአራት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

፫. ሰዓትና ልቅሶ

ወተቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ተለክቶ ነበር። በኒው ዚላንድ በ1907 የእናቶችና የሕፃናት ማኅበር የመሠረተው ሐኪም ፍሬድሪክ ትሩቢ ኪንግ ሕፃን በየአራት ሰዓቱ ብቻ እንዲመገብ፣ ሌሊትም ምንም እንዳይሰጠው ያስተምር ነበር። በሌሊት የሚነቃ ሕፃን በዚህ አስተሳሰብ ሥርዓት ያልተማረ ሕፃን ነው። ለጡት ማጥባት ይቆረቆር የነበረው ይህ ሐኪም ያወጣው ደንብ ራሱ ጡት ማጥባትን የሚያዳክም መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። ምክንያቱም ወተት የሚመነጨው ጡቱ በተጠባ መጠን ሲሆን፣ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በሌሊት ከፍ ይላል። የሌሊቱ ጥቢ ሲቀር የቀኑም ወተት ያንሳል፤ ወተቱ ሲያንስ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስም ጡጦ ይመጣለታል።

፬. ኬዚንና አጓት

የላም ወተት ፕሮቲን ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ኬዚን ሲሆን የቀረው አጓት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ነው። በሰው ወተት ግን የአጓቱ ፕሮቲን ያመዝናል። ኬዚን ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ስለሚረጋ ከሆድ ቀስ ብሎ ይወጣል። የፋብሪካዎች ባለሙያዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአጓቱን ድርሻ ከፍ በማድረግ ወተቱን ወደ ሰው ወተት ለማስጠጋት ሞክረዋል። በሌላ በኩል ግን ኬዚን የሚበዛበት ወተት «ለሚርበው ሕፃን» በሚል ስም ለብቻው መሸጥ ጀመረ። ቆይቶም በእህል ዱቄት የወፈረ «የደኅና እደር ወተት» መጣ።

ሐሳቡ ሲሰሙት አሳማኝ ነው፤ ቶሎ የማይፈጭ ወተት ሆድ ይይዛል፣ ሆዱ የተያዘ ሕፃንም ይተኛል። ነገር ግን ሐሳብ ማስረጃ አይደለም። የብሪታንያ የሥነ ምግብ ሳይንሳዊ አማካሪ ኮሚቴ በ2008 «የደኅና እደር ወተት» የሚባለውን መርምሮ ከተለመደው የሕፃናት ወተት የሚበልጥበትን ነገር የሚያረጋግጥ የታተመ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ። የዚያው አገር የጤና አገልግሎትም ኬዚን የሚበዛበት ወተት ሕፃናትን ለረጅም ጊዜ ያስተኛል ለመባሉ ማስረጃ እንደሌለ ለወላጆች ይገልጻል።

ዱቄት ጣል ማድረግስ? በ1989 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 106 ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ከአምስተኛው ሳምንት፣ ለሌላው ከአራተኛው ወር ጀምሮ ማታ ማታ በጡጦ የእህል ዱቄት ሰጥቶ እንቅልፋቸውን አነጻጸረ። ሌሊቱን አድረው በመተኛት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። በተቃራኒው በ2018 በእንግሊዝና በዌልስ በ1,303 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ጠጣር ምግብ የቀመሱት በሌሊት 16.6 ደቂቃ ያህል አብልጠው እንደ ተኙ አሳይቷል፤ የመንቃታቸውም ብዛት ከ2.01 ወደ 1.74 ዝቅ ብሏል። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም የሩብ ሰዓት እንቅልፍ ንጹሕ ውኃና ንጹሕ ዕቃ በሌለበት ቤት ከሚመጣው ተቅማጥ ጋር ሲመዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

፭. ጣሳው ወደ ድሃ አገሮች ሲገባ

ይህን ሚዛን አስቀድማ ያየችው በጃማይካ የተወለደችው ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ ናት። ኳሺዮርኮር የተባለውን የምግብ እጥረት በሽታ በጎልድ ኮስት ሳለች ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው እርሷ ስትሆን፣ በ1939 በሲንጋፖር «ወተትና ግድያ» በሚል ርእስ ባደረገችው ንግግር ተገቢ ባልሆነ የጡጦ ምግብ ሳቢያ የሚደርሰውን ሞት እንደ ነፍስ ግድያ መቁጠር እንደሚገባ ተናገረች።

ብዙዎች የሰሙት ግን ከ35 ዓመት በኋላ ነው። በ1974 በእንግሊዝ ማይክ ማለር የጻፈው «ሕፃን ገዳዩ» የተባለው መጽሔት ታተመ። ይኸው ጽሑፍ በስዊዘርላንድ በጀርመንኛ የኔስሌን ስም በሚያነሣ ርእስ ሲወጣ ኩባንያው ከሰሰ። የበርን ፍርድ ቤት በ1976 አሳታሚዎቹን እያንዳንዳቸውን 300 ፍራንክ ቀጣ፤ ዳኛው ግን ኩባንያውም የማስታወቂያ ዘዴውን እንደገና እንዲመረምር አሳሰበ። በ1977 በአሜሪካ የኩባንያውን ምርቶች ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ።

የክሱ ፍሬ ነገር ወተቱ መርዝ ነው የሚል አልነበረም። የጣሳው ዋጋ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ስለማይመጣጠን እናት ለአራት ቀን የተሠራውን ለአሥር ቀን ታብቃቃዋለች፤ ውኃውም የወንዝ ወይም የጉድጓድ ነው፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውንም ማንበብ አትችልም። ይህ በእንዲህ እንዳለ የራሷ ወተት ይደርቃል። የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት 1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ሽያጭ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች።

፮. በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማስላስ የቆየ ልማድ ነው፤ ጡጦ የመጣው ከከተማ ኑሮ ጋር ነው። በ1962 በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ለዚህ ጉዳይ የመረጠው መንገድ ሊታወስ ይገባዋል። ክፍሉ የጡት ወተትን የሚተካ ሳይሆን ከጡት ወተት ጋር የሚሄድ ምግብ ሠራ፤ ስሙንም ሕፃን ሲወፍርና ሲያምርበት ከሚባለው ቃል ወስዶ «ፋፋ» አለው። ፋፋ በገንፎ ወይም በአጥሚት መልክ በማንኪያ የሚሰጥ እንጂ በጡጦ የሚቀጥን የሌሊት ማስተኛ አልነበረም። በ2004 የወጣው የአገሪቱ የሕፃናት አመጋገብ ስልትም ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲመገብ ይመክራል።

፯. ለጥያቄው መልስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እናቲቱ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ሕፃን በሌሊት መንቃቱ በራሱ በሽታ አይደለም። ሆዱ ትንሽ ነው፤ የጡት ወተትም ከፎርሙላ ቶሎ ይፈጫል። በሁለትና በሦስት ወር ዕድሜ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ከእንቅልፋቸው ቀለል ብለው እንደሚነቁ ተረጋግጧል፤ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት በድንገት በእንቅልፍ ላይ የመሞት አደጋቸውም አነስተኛ ነው። ቀላል እንቅልፍ ጠባቂ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እናቱ የሌለችው ወይም በሕክምና ምክንያት ጡት የማይጠባ ሕፃን ፎርሙላ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ሕፃን ወተቱ ሕይወት ነው፤ እናቲቱም ልትወቀስ አይገባም። ምርጫዋ ግን ከሚመስላት የቀለለ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የተዘጋጀ የሕፃናት ፎርሙላ ሁሉ በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ሊኖረው ግድ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሆድ የሚይዝ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃው ለአራስ ሕፃናት የተዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ ወተት ነው። በሻጭ ምክር ጣሳ ከጣሳ መለዋወጥ ገንዘብ ያባክናል እንጂ እንቅልፍ አያመጣም።

ሦስተኛ፣ ከዓይነቱ ይልቅ አዘገጃጀቱ ያሳስባል። ሕፃኑ እንዲተኛ ተብሎ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሲጨመር ጨውና ፕሮቲን ስለሚበዛ ኩላሊቱ ይጨነቃል፤ ጥሙም እንደገና ያስለቅሰዋል። ጣሳው እንዲበረክት ሲቀጥን ደግሞ ሕፃኑ በእርግጥ ይርበዋል። ዱቄቱ ከተሕዋስያን ነጻ ስላልሆነ የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው መመሪያ ወተቱ የሚበጠበጥበት የፈላ ውኃ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይወርድ፣ ከዚያም በርዶ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጠጣ ያዛል። ማታ ተበጥብጦ እስከ ንጋት በራስጌ የሚያድር ጡጦ የጥንቱ ባለ ቱቦ ጡጦ ዘመድ ነው። ሕፃኑ የሚያስመልስ፣ ክብደቱ የማይጨምር፣ ትኩሳት ያለው ወይም በሰገራው ደም የሚታይበት ከሆነ ግን ጉዳዩ የወተት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የምርመራ ይሆናል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚመሰክረው ግን ዕድል የተባለው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ምክር መሆኑን ነው። ሽሮፑን ያዘዘ፣ ቱቦውን የሸጠ፣ ሰዓቱን የወሰነ ሁሉ በደከመች እናት ፊት ቆሞ እርግጠኛ መልስ የሰጠ ሰው ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ የቆመው ባለሙያ ሊሰጥ የሚገባው የጣሳ ስም አይደለም። የሕፃኑን ክብደት መዝኖ፣ የወተቱን አበጣጠብ ጠይቆ፣ ሌሊቱን የሚካፈላት ሰው በቤቷ መኖሩን አረጋግጦ፣ ጤነኛ ሕፃን ሲያድግ መንቃቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ቢነግራት፣ እስካሁን በጠርሙስ ከተሸጠላት ሁሉ የሚበልጥ ነገር ሰጣት ማለት ነው።